በኅዳጉ ላይ ምን ይጻፍልዎ? አሳማኝ ማመልከቻ የማዘጋጀት አሠራር

በቢሮ አሠራራችን የአንድ ማመልከቻ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው የሥራ ኃላፊው በወረቀቱ ኅዳግ ላይ በሚጽፋት አንዲት መስመር ነው። «ይታይ»፣ «ተጣርቶ ይቅረብልኝ»፣ «በመመሪያው መሠረት ይስተናገድ»፣ «ይፈጸም» የሚሉት ቃላት ለውጭ ሰው ተቀራራቢ ይመስላሉ። በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት በደብዳቤ ሥራ ላይ የቆየሁ በመሆኔ ግን ልዩነታቸውን በሚገባ አውቀዋለሁ። «ይታይ» የተባለ ወረቀት ማን እንደሚያየው፣ ምን እንደሚያይና መቼ አይቶ እንደሚጨርስ ስላልተነገረው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞረ ይከርማል። «ይፈጸም» የተባለው ግን በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሥራ ይሆናል። ኃላፊው የትኛውን እንደሚጽፍ የሚወስነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅንነቱ ወይም ክፋቱ አይደለም። ወረቀቱ ምን እንዲጽፍ አስችሎታል የሚለው ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ለመሥሪያ ቤት ማመልከቻ፣ ለአከራይ ለሚጻፍ ደብዳቤም ሆነ ለሥራ ሐሳብ ማቅረቢያ ያገለግላል።

1. ከደብዳቤው በፊት የኅዳጉን መስመር ይጻፉ

ባለፈው ክረምት በቴዎድሮስ አደባባይ አቅራቢያ ባለ አንድ ሕንፃ ላይ ልብስ የሚሰፉ አንድ ጎረቤቴ የጻፉትን ማመልከቻ እንዳይላቸው ሰጡኝ። እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው እኔ አመልካች በሕንፃችሁ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ተከራይቼ ስሠራ የቆየሁ ሲሆን በአሁኑ ወቅት ከጣሪያው በሚፈሰው ውኃ ምክንያት ለከፍተኛ ችግር የተዳረግሁ በመሆኑና በተደጋጋሚ ባመለክትም ሰሚ በማጣቴ፣ ቤተሰብ አስተዳዳሪ እንደመሆኔ መጠን ችግሬ ታይቶ አስፈላጊው ትብብር ይደረግልኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።»

ደብዳቤው የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ትሕትናም አላነሰውም። ሆኖም የሕንፃው አስተዳዳሪ ይህን አንብቦ «ይታይ» ከማለት በቀር ምን ሊጽፍ ይችላል? የትኛው ክፍል፣ ምን እንደሚደረግ፣ እስከ መቼ የሚል ነገር በወረቀቱ ላይ የለም። ስለዚህ ጎረቤቴን «ጋሼ፣ አስተዳዳሪው በኅዳጉ ላይ ምን ቢጽፍልዎ ደስ ይልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አስበው «ኮርኒሱና አሸንዳው ይጠገን፤ የተበላሸብኝም ጨርቅ ከኪራዩ ላይ ይታሰብልኝ» አሉ። ይህን ለይቶ ማውጣት ከጠቅላላው ሥራ ግማሹ ነው። በብጣሽ ወረቀት ላይ እንዲህ ብለን ጻፍነው፦ «ለጥገና ክፍል፦ የ4ኛ ፎቅ ኮርኒስና አሸንዳ እስከ ሐምሌ 30 ይጠገን።» «ለሂሳብ ክፍል፦ 13,600 ብር ከነሐሴ ኪራይ ይቀነስ።»

ወዲያው አንድ ነገር ተገለጠልን። የመጀመሪያውን አስተዳዳሪው በራሱ ሥልጣን ሊያዝ ይችላል፤ ኪራይ መቀነስ ግን የባለቤቱ እንጂ የእርሱ ሥልጣን አይደለም። ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ብናቀርብ ኖሮ አስተዳዳሪው በሁለተኛው ምክንያት የመጀመሪያውንም ለባለቤቱ ያስተላልፈውና ክረምቱ ያልፍ ነበር። ስለሆነም ደብዳቤው ሁለት ሆነ። አንድ ማመልከቻ ለአንድ ወሳኝ ሰው፣ እርሱ ሊወስነው ለሚችለው ጉዳይ ብቻ መጻፍ አለበት።

2. «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር በከንቱ አያባክኑ

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወረቀቱን ወደየትኛው ክፍል እንደሚመራው የሚወስነው በአብዛኛው ይህችን መስመር አይቶ ነው። «ትብብር ስለመጠየቅ»፣ «አቤቱታ ስለማቅረብ»፣ «ማሳወቅን ይመለከታል» የሚሉት ለማንኛውም ደብዳቤ ስለሚሆኑ ለየትኛውም አይጠቅሙም። «በ4ኛ ፎቅ ቁጥር 407 ዝናብ የሚያስገባው ኮርኒስ እስከ ሐምሌ 30 እንዲጠገን ስለመጠየቅ» የሚለው ረዘም ይላል፤ ሆኖም ሌላውን ገጽ ያላነበበ ሰው እንኳ ምን እንደተፈለገ ይረዳዋል።

3. ጥያቄውን በመጀመሪያው አንቀጽ ያስቀምጡ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው ብሂል ለሽማግሌ ጉባኤ የሚስማማ ነው። በዚያ ቦታ ጊዜም ትዕግሥትም አለ፤ አድማጩም የመጣው ለመስማት ነው። ከፊቱ ሠላሳ ወረቀት የተከመረበት ኃላፊ ግን ታሪኩን ከሥሩ ሲሰማ ወዴት እየወሰዱት እንደሆነ ስለማያውቅ የትኛውን ነጥብ ልብ ማለት እንዳለበት አይገባውም። መድረሻውን አስቀድመው ከነገሩት የሚከተለውን ታሪክ ሁሉ ለዚያ መድረሻ እንደ ማስረጃ አድርጎ ያነብልዎታል።

እኔ ራሴ ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። ወጣት ሳለሁ የደረጃ ዕድገት ተከልክያለሁ ብዬ ለምሠራበት መሥሪያ ቤት ከተቀጠርሁበት ቀን አንሥቼ የደረሰብኝን በደል ሁሉ የሚተርክ አራት ገጽ ደብዳቤ አስገብቼ ነበር። ጥያቄዬ የነበረው በአራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነው። መልስ ሳላገኝ ቀረሁ። ከረጅም ጊዜ በኋላ በሥራ ምክንያት የራሴን ማኅደር ስገልጥ ደብዳቤዬ «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ተብሎበት አገኘሁት። አራተኛው ገጽ ከሦስተኛው ጋር እንደተጣበቀ ነበር፤ ማንም አልገለጠውም።

የልብስ ሰፊው ደብዳቤ አዲሱ መክፈቻ የሚከተለው ሆነ፦ «በ4ኛ ፎቅ ቁጥር 407 የተከራየሁት የልብስ ስፌት ቤት ኮርኒስ ዝናብ ስለሚያስገባ፣ ኮርኒሱና ከላዩ ያለው አሸንዳ እስከ ሐምሌ 30 ቀን እንዲጠገኑ እጠይቃለሁ። ውኃው በሰኔ 28፣ በሐምሌ 3 እና በሐምሌ 9 ገብቷል፤ የሦስቱም ቀን ፎቶግራፍ ተያይዟል።»

4. ቅጽሉን በቀንና በቁጥር ይተኩ

«ከፍተኛ ችግር»፣ «በተደጋጋሚ»፣ «ለረጅም ዓመታት»፣ «እጅግ አሳዛኝ» የሚሉት ቃላት ጸሐፊው የሚሰማውን እንጂ የሆነውን አይናገሩም። አንባቢውም በየዕለቱ ስለሚያያቸው አይነኩትም። ረቂቅዎን ይዘው እነዚህን የመሰሉ ቃላት በእስክሪብቶ ያክብቧቸው፤ ከዚያም እያንዳንዱን «ስንት? መቼ? የት?» ብለው ይጠይቁት። «በተደጋጋሚ» የሚለው «በሰኔ 29 በቃል፣ በሐምሌ 4 በስልክ» ይሆናል። «ለረጅም ዓመታት» የሚለው «ላለፉት 6 ዓመታት ኪራይ አንድም ወር ሳላሳልፍ ከፍያለሁ» ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አንድ ተጨማሪ ሥራም ይሠራል። አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የማሳመኛ መንገዶችን የተናጋሪው ታማኝነት፣ የአድማጩ ስሜትና የነገሩ ማስረጃ ብሎ በሦስት ከፍሏቸው ነበር። «እኔ ታማኝ ተከራይ ነኝ» ማለት ታማኝ አያሰኝም፤ ስድስቱን ዓመት መጥቀስ ግን ቃሉን ሳያነሡ ያሳምናል።

ቀን ሲጽፉ የዘመን አቆጣጠሩን ይለዩ። ደብዳቤው የሚሄደው በካዛንቺስ ወይም በሌላ ሰፈር ወዳለ ዓለም አቀፍ ድርጅት ከሆነ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚለውን በየቀኑ ጎን ማስፈር፣ ሰዓትንም «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ ብቻ አለመተው ያስፈልጋል። በሰዓት አቆጣጠር ስሕተት የተነሣ ቀጠሮ ያመለጠው ሰው የቱንም ያህል ቢጽፍ አሳማኝ መሆን ይቸግረዋል።

ሕግ መጥቀስም በዚሁ ሥር የሚታይ ነው። በትክክል የተጠቀሰ አንድ አንቀጽ ብዙ ልመና ያስቀራል፤ በስሕተት የተጠቀሰ ግን እውነተኛውንም ነጥብ ይዞ ይወድቃል። ጎረቤቴ በሁለተኛው ረቂቃቸው ላይ የሰሙትን አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጠቅሰው ነበር። ይህ አዋጅ ግን የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከት በመሆኑ ለንግድ ቤት አይሆንም። አስተዳዳሪው «አዋጁ እርስዎን አይመለከትም» ብሎ አንድ መስመር ቢመልስ ኖሮ ነገሩ ሁሉ በዚያው በተዘጋ ነበር። ሰርዘነው በምትኩ ሁለቱ ወገኖች የፈረሙትን የኪራይ ውል ስለ ጥገና የሚናገረውን አንቀጽ ቃል በቃል ገለበጥን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አከራይ ያከራየውን ነገር በደህና ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ቢሆንም አስተዳዳሪው ራሱ የፈረመበት ወረቀት በእጁ ሳለ ወደ ሕጉ መሄድ አላስፈለገንም። ከሩቁ ሕግ ይልቅ ቅርቡ ውል ይበልጥ ይይዛል የሚል እምነት አለኝ።

5. የሌላውን ወገን መልስ እርስዎ ራስዎ ያቅርቡት

ይህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ እኔ ግን ከሁሉ የምመርጠው ነው። በጥንቱ የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ሲናገር ሌላው ይመልሳል፤ ዳኛውም ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰማል። በወረቀት ላይ ግን ባላጋራዎ በቦታው የለም። የእርሱን መልስ ካላነሡት አንባቢው በሐሳቡ ያነሣዋል፤ እርስዎም በዚያ ስለሌሉ ምላሽ መስጠት አይችሉም።

ስለዚህ በሌላ ወረቀት ላይ «ይህን ጥያቄ ላለመቀበል ምን ምክንያት ሊሰጥ ይችላል?» ብለው ይጻፉና ሁለት ወይም ሦስት መልስ ያስፍሩ። ከእነዚህ ውስጥ ጠንካራውን ይምረጡ፤ ደካማውን መርጦ መርታት አንባቢን አያታልልም። በእኛ ጉዳይ አንደኛው «በክረምት ጣሪያ ላይ መሥራት አይቻልም» የሚል ነበር። ሁለተኛው ከበድ ይላል። ጎረቤቴ ከሁለት ዓመት በፊት መብራት ለመስቀል ሲሉ ኮርኒሱን በሁለት ቦታ በስተውታል። ይህን መደበቅ ፈለጉ። እኔ ግን አስተዳዳሪው የጥገና ሠራተኛ በላከ ቀን ቀዳዳውን ማየቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ደብዳቤው በሙሉ ውሸት ይመስላል ብዬ ተከራከርሁ። በመጨረሻ እንዲህ ተጻፈ፦

«ከ2 ዓመት በፊት መብራት ለመስቀል ኮርኒሱን በ2 ቦታ በስቻለሁ። ውኃው የሚገባው ግን ከቀዳዳዎቹ 3 ሜትር ያህል ርቆ፣ አሸንዳው ከሚያልፍበት የግድግዳ ጥግ ነው፤ 2ኛው ፎቶግራፍ ሁለቱንም ቦታዎች ያሳያል። የጣሪያው ሙሉ ጥገና እስከ መስከረም ሊቆይ እንደሚችል እረዳለሁ። አሸንዳውን ከቅጠልና ከጭቃ ማጽዳት ግን ዝናብ በማይኖርበት ግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልብ ይበሉ። አንዱን ነጥብ ለአንባቢው ለቀንለት፤ በለቀቅነውም ፋንታ ዛሬ ሊፈጸም የሚችል ትንሽ ሥራ አቀረብንለት። ሙሉ በሙሉ እንቢ ለማለት የሚፈልግ ሰው እንኳ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ነገር መከልከል ያሳፍረዋል።

6. ስሜትን በአንድ ሥዕል ይግለጹ፣ ከዚያም ይተዉት

«ቤተሰብ አስተዳዳሪ እንደመሆኔ መጠን» የሚለው ሐረግ በማመልከቻዎች ሁሉ ላይ ስለሚገኝ አንባቢው ዓይኑን አያሳርፍበትም። በአንጻሩ አንድ የሚታይ ነገር ቢጠቅሱለት ይያዛል። ጎረቤቴ ከነሐሴ ጾም በፊት ለሚደረግ ሠርግ የሰፉት የሙሽራ ኮት ትከሻው ላይ የአሸንዳ ዝገት የቀላቀለ ውኃ ጠብ ብሎበት ቡናማ እድፍ ይዞ ነበር። ለባለቤቱ በተጻፈው ደብዳቤ ላይ «በሐምሌ 9 ሌሊት የገባው ውኃ ለሐምሌ 19 ሠርግ የተዘጋጀውን ኮት ትከሻ ስላቆሸሸው በአዲስ ጨርቅ ደግሜ ሰፍቻለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባንና በቀጥታ ወደ ጨርቁ ደረሰኝ ተሻገርን። «ምን ያህል እንደተጨነቅሁ መገመት አያዳግትም» የሚል ነገር አልጨመርንም፤ መገመት ካላዳገተ መናገሩ ትርፍ ነው።

7. ግሱን ለአንባቢው ያቅርቡለት

በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዋናው ግስ፣ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ይህ ጠባዩ ለንግግር ውበት ይሰጠዋል፤ ለቢሮ ደብዳቤ ግን አደጋ አለው። የጎረቤቴን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብንቆጥር «አመለክታለሁ» የሚለው የሚገኘው 40 ቃላት ካለፉ በኋላ ነው። አንባቢው «ሲሆን»፣ «በመሆኑና»፣ «በማጣቴ» እያለ አርባውን ቃል ተሸክሞ ይጓዛል። ረጅም ዓረፍተ ነገር በራሱ ነውር የለበትም፤ ምክንያትንና ውጤትን አያይዞ ለማሳየት ያስፈልጋል። ዋናው ጥያቄ የሚገኝበት ዓረፍተ ነገር ግን ከ15 እስከ 20 ቃላት ባይበልጥ ይመረጣል።

«ችግሩን ከመቅረፍ አንጻር»፣ «እየተሠራበት ባለበት ሁኔታ ነው ያለው» የሚሉትን ከስብሰባ አዳራሽ የመጡ አነጋገሮች ያስወግዱ። «ችግሩን ለመቅረፍ» እና «እየተሠራበት ነው» በቂ ናቸው።

ድርጊት ፈጻሚውን መጥራትና አለመጥራት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ማስረጃ ሲያቀርቡ ፈጻሚው ይጠራ፦ «ጥገና አልተደረገም» ከማለት «የጥገና ሠራተኛው ሐምሌ 4 መጥቶ አይቶ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም» ማለት ይሻላል። ጥፋቱ የአንባቢው የራሱ በሚሆንበት ጊዜ ግን ተቃራኒውን ያድርጉ። «ደብዳቤዬን ጥላችሁታል» ከሚለው ይልቅ «ለደብዳቤዬ መልስ አልደረሰኝም» የሚለው እውነቱን ሳይቀንስ አንባቢው ያለ ኀፍረት ነገሩን የሚያርምበትን በር ይተውለታል። እንዲሁም ለሰው ከጻፉ «እርስዎ»፣ ለመሥሪያ ቤት ከጻፉ «መሥሪያ ቤቱ» ወይም «አስተዳደሩ» ብለው ይጀምሩና እስከ መጨረሻው በዚያው ይጽኑ። በአንድ ገጽ ላይ «እናንተ» እና «ክቡርነትዎ» ሲቀላቀሉ ጸሐፊው አንዴ የተቆጣ፣ አንዴ የለመነ ያስመስለዋል።

8. ግልባጭን በቁጠባ ይጠቀሙ

አቤቱታ የማቅረብ መብት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 የተረጋገጠ ነው፤ ለማን እንደሚቀርብ ግን መምረጥ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ግርጌ ለአምስት መሥሪያ ቤቶች በግልባጭ ማሳወቅ ብዙ ጊዜ ወሳኙን ሰው ከማነሣሣት ይልቅ ራሱን ወደ መከላከል ይወስደዋል። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የግል ሕንፃ ኪራይ ክርክር በግልባጭ ሲላክ አይቻለሁ። ተቋሙ በዋናነት የሚመረምረው በአስፈጻሚው የመንግሥት አካል የሚፈጸም የአስተዳደር በደልን ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ግልባጭ የሚያሳየው የጸሐፊውን አለማወቅ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ያለ ግልባጭ ይሂድ፤ የተባለው ቀን ካለፈ በሁለተኛው ላይ ለሚመለከተው አንድ አካል ይደረጋል።

9. አንብበው ያስገቡ

ረቂቁን ቢያንስ አንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ በንዴት የተጻፈ ከሆነ ሁለት። ከዚያ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ጮክ ብለው ያንብቡለትና «ምን የጠየቅሁ ይመስልሃል?» ይበሉት። መልሱ በብጣሽ ወረቀት ላይ ካሰፈሩት የኅዳግ መስመር ጋር ካልገጠመ ደብዳቤው አላለቀም። ከአንድ ገጽ አያስበልጡት፤ የቀረውን በአባሪ ያድርጉና እያንዳንዱን አባሪ ቁጥር ይስጡት። በኢሜይል የሚልኩ ከሆነ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡት፤ ዩኒኮድ ከተባለው የጋራ የፊደል አሠራር በፊት በነበሩት የፊደል ዓይነቶች የተጻፈ ሰነድ ፊደሉ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናል።

በእጅ የሚያስገቡ ከሆነ ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ሲቀበልዎ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን እንዲጻፍልዎ ወይም ማኅተም እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። ጎረቤቴ በሐምሌ 14 አስገብተው በሳምንቱ ሲሄዱ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቁጥሩን አይታ ወረቀቱን አወጣችላቸው። በኅዳጉ ላይ «ለጥገና፦ አሸንዳው በዚህ ሳምንት ይጽዳ፤ ኮርኒሱ መስከረም ላይ» ተብሎበታል። ባለቤቱ ደግሞ ከጠየቁት 13,600 ብር ውስጥ 8,000 ብር ፈቀደላቸው። ለቀሪው የኮቱን ጨርቅ ደረሰኝ ሳያያይዙ መቅረታቸውን እኔም ያየሁት ያኔ ነው። የደረሰኙ ቁጥር በደብዳቤው ውስጥ ተጠቅሷል፤ ወረቀቱ ግን የቀረው በልብስ ስፌት መኪናቸው መሳቢያ ውስጥ ነበር።